የስሙኒ መልአክ

የ2018 ዓ.ም. እንቁጣጣሽን የዋልኩት እህቴ ቤት ነው። ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ። ዶሮው ገና ከእሳት ሳይወርድ በሩ ተንኳኳና ከፈትኩ። ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ነጭ በነጭ የለበሰች ልጅ ቆማለች። ደረቷ ላይ አንድ እቅፍ ወረቀት ይዛለች። ከላይ ያለውን መዘዝ አድርጋ ሰጠችኝ። መልአክ ነው። ከእግሩ ሥር «እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ» ይላል፤ ፊደሉ የኮምፒዩተር ነው።

«አንቺ ነሽ የሣልሽው?» አልኳት።

ምን ዓይነት ሰውዬ ነው በሚል ዓይን አየችኝና «አይ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ነው» አለች።

ምን እላለሁ? ሃምሳ ብር ሰጠኋት። አመስግና ወደ ቀጣዩ በር አለፈች። እህቴ ከማድ ቤት ሆና «እስቲ ዓይኑን ልየው» አለችኝ። አሳየኋት። ማማሰያዋን እንደያዘች ትንሽ አጎንብሳ አየችና «ይሄ መልአክ ተኝቷል» ብላ ወደ ወጧ ተመለሰች።

ዓይኑን ማለቷ ለምን እንደሆነ የሚገባው ለእኔ ብቻ ነው። እመለስበታለሁ።

ዛሬ ቤት ማስጌጥ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የገና ዛፍ ነው። የፕላስቲክ ጥድ፣ የሚበራና የሚጠፋ መብራት፣ ከላዩ ላይ ደግሞ በረዶ ነው ተብሎ የሚነሰነስ ጥጥ። ጥጡ ሁልጊዜ ያስቀኛል። በታኅሣሥ ፀሐይ አናታችንን እየበሳችው ሳሎናችን ውስጥ በረዶ እናዘንባለን። አልነቅፍም፤ ልጆች ጥጡን ሲበትኑ ደስ ይላቸዋል፤ የልጅ እጅ የነካው ነገር ሁሉ ለእኔ ጌጥ ነው። ግን የራሳችንም ነበረን፣ አለንም።

የእኛ ቤት ከመሬት ጀምሮ ነው የሚጌጠው። ቄጤማ ሲጎዘጎዝ ሽታው ብቻ በዓሉን ያመጣዋል። ጎጃም የተወለዱ ወዳጆቼ ደግሞ የእንግጫን ነገር ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራል። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ልጃገረዶች ተሰብስበው ሜዳ ይወርዱና እንግጫ የሚባለውን ሣር እየዘፈኑ ይነቅላሉ፤ ከአደይ አበባ ጋር ይጎነጉኑታል፤ ከዚያ በወላጆቻቸው አናት ላይ ያስሩታል፣ ለቤቱ ምሰሶም ያስሩለታል። ምሰሶን እንደ ሰው ቆጥሮ እንኳን አደረሰህ የሚል ሕዝብ ነው እንግዲህ።

ከተማ ስንመጣ ጌጡ ወደ ግድግዳ ይወጣል። የጭቃ ቤት ክረምቱን ሲንጠባጠብበት ይከርምና በነሐሴ መጨረሻ ፊቱ ይበላሻል። አቅም ያለው ኖራ ይቀባዋል። አቅም የሌለው፣ ማለትም እኛ፣ ጋዜጣ እንለጥፍበታለን። ሥራው የልጆች ነበር። እናታችን ዱቄት በውኃ በጥብጣ ታፈላና ሙጫ ትሠራለች፤ እኛ ደግሞ እጃችን እስከ ክርን እየተለቀለቀ አዲስ ዘመንን እንለጥፋለን። (ሙጫው ጥሩ ስለሆነ አይጥም ይወደው ነበር።) አዲስ ዘመን ከግንቦት 1933 ዓ.ም. ጀምሮ ሲወጣ የኖረ ጋዜጣ ስለሆነ በድሃ ቤት ግድግዳ ላይ የአገር ታሪክ ተደራርቦ ይገኝ ነበር፤ ከላይ የዘንድሮው፣ ከሥር የአምናው፣ ከዚያ ሥር የካቻምናው። እኔ ማንበብ የለመድኩት አልጋ ላይ ተጋድሜ ከግድግዳ ነው። ታናናሾቼ አንዳንዱን ገልብጠው ስለሚለጥፉት ተዘቅዝቄም አነብ ነበር። ሥነ ጽሑፍ አስተማሪ የሆንኩት በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

በዚያ ጋዜጣ ላይ ነው እንግዲህ የእንቁጣጣሽ ሥዕል የሚሰቀለው።

ብዙ ሰው ይህን ልማድ ከንግሥተ ሳባ ጀምሮ የነበረ አድርጎ ያወራል። የበዓሉን ስም ንግሥቲቱ ተቀብላዋለች ከሚባለው ዕንቁ ጋር የሚያያይዘው ተረት ያማረ ነው፤ ሥዕሉ ግን እንደ ተረቱ የቆየ አይመስለኝም። ምክንያቴ ወረቀት ነው። በድሮው ዘመን የሚጻፍበት ነገር ብራና ነበር። ብራና ደግሞ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ታጥቦ፣ ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ በስንት ድካም የሚወጣ ነው። ለዳዊት መድገሚያ የተፋቀ ቆዳ አበባ ይጫርበት ብሎ ለልጅ የሚሰጥ አባት አልነበረም። ስለዚህ ይህ ሥዕል በእኔ ግምት የወረቀት ልጅ ነው፤ የዘመናዊ ትምህርት ቤትና የማተሚያ ቤት ዘመን ልጅ። የምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1900ዎቹ መግቢያ ነው፤ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው በ1914 ነው። ደብተርና እርሳስ ከሀብታም ቤት ወደ ሰፈር ልጅ ኪስ የወረደው ከዚያ ቀስ ብሎ ነው። የከተማ ልማድ ነው፤ ገጠሩ እንግጫ አለው።

ወረቀቱ አዲስ ይሁን እንጂ እጁ የድሮ ነው። የሰፈር ልጅ የሚሥለው መልአክ ከየት መጣ ቢባል፣ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ጣራውን ቀና ብሎ ያየ ሰው ያውቀዋል። እነዚያ በረድፍ የተደረደሩት መላእክት አካል የላቸውም፤ ፊትና ክንፍ ብቻ ናቸው፣ ዓይናቸው ግን የቆምክበት ድረስ ይከተልሃል። የእኛም መልአክ እንዲሁ ነበር፤ አንድ ክብ ፊት፣ ግራና ቀኝ ክንፍ፣ ሁለት ትልልቅ ዓይን። አካል መሣል ስለማንችል ደግሞ ይመቸናል። ሌላም ሕግ ነበር፤ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሰው ሙሉ ፊቱ፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉ ሰው በጎን ሆኖ በአንድ ዓይን ይሣላል። ማንም አስተምሮን አይደለም፣ ከቅዳሴ መልስ ለቅመነው ነው። ስለዚህ አንዱ ዓይን ከተበላሸ መልአኩ ሰይጣን ይሆናል፣ ወረቀቱም ይባክናል። ዓይን የሚሥል እጅ ነው ትልቁ ሀብት።

ከለሩስ? ባለ ስድስት እርሳስ ያለው ልጅ በሰፈሩ እንደ ባለሀብት ነው የሚታየው። የሌለው ከሰል አለው። የአደይ አበባን ቅጠል ወረቀት ላይ ስታሸው ቢጫ ይሰጣል፤ ሣር ስታሸው አረንጓዴ። የሚቀዳ ሥዕል ከተገኘ ወረቀቱን ዘይት ቀባ አድርጎ ላዩ ላይ ማስቀመጥ ነው፣ ከሥር ያለው ይታያል። የተሣለው ደግሞ ለሁሉም ቤት አንድ ዓይነት አይደለም። በግቢያችን የሐጂ ቤት ነበረ፤ ለሐጂ መልአክ አይወሰድም፣ አበባ ብቻ ነው። ይህንንም ማንም አላስተማረንም። ሐጂ ግን ለአበባው ከሁሉም የበለጠ ይከፍሉ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ በማስተምርበት ዘመን አዲስ ተማሪዎቼን «በሕይወታችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሌላ ሰው ያነበባችሁት ወይም የሰጣችሁት ጽሑፍ ምንድነው?» ብዬ እጠይቅ ነበር። የግጥም ደብተር የሚሉ አሉ፣ የፍቅር ደብዳቤ የሚሉም አሉ፤ ይሳቃል። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዱ «እንቁጣጣሽ ላይ የጻፍኩት እንኳን አደረሳችሁ» ይላል። ሳቁ ያቆማል። ሁሉም የጻፈው ነውና።

ፈረንጅ በበዓል ካርዱ ይኮራል። በንግድ የተሸጠው የመጀመሪያው የገና ካርድ የወጣው በ1843 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ነው፤ ሄንሪ ኮል የሚባል ባለሥልጣን ለወዳጆቹ ሁሉ ደብዳቤ መጻፍ ቢታክተው ጆን ሆርስሊ የተባለውን ሠዓሊ ሣልልኝ አለው፣ አንድ ሺህ ያህል አሳተሙ፣ የተረፈውን በአንድ ሽልንግ ሸጡ። ሥዕሉ ላይ ወይን የምትቀምስ ሕፃን ስለነበረች መጠጥ የሚቃወሙ ሰዎች ጮኹባቸው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ያ ካርድ የተወለደው ሰው ለመጻፍ ስለታከተው ነው። የእኛው ደግሞ ሠዓሊውም፣ ጸሐፊውም፣ ፖስተኛውም አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ደግሞ ለራሱ ቤት አይደለም የሚሥለው። ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ጥዱን ልጅ ከወላጆቹ ጋር ሆኖ የራሱን ሳሎን ያስጌጥበታል፤ በእንቁጣጣሽ ሥዕል የሚያስጌጠው ግን የጎረቤቱን ነው። የራሱ ቤት የሚጌጠው ሌላ ልጅ ሲመጣ ነው። ጎረቤት ከሌለ ጌጥ የለም።

የፖስተኛው ነገር ግን እኔን ያሳፍረኛል። በሕጉ መሠረት ሴት ልጅ አደይ አበባና ሣር ይዛ አበባየሆሽ ትላለች፤ ሥዕል የሚያዞረው ወንድ ነው። እህቴ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ዓይን የሚሥለው እጅ የእርሷ ነበር። እኔ ክንፍ እንኳን እኩል አድርጌ መሣል አልችልም። ስለዚህ ማታ እርሷ ትሥላለች፣ ጠዋት እኔ አዞራለሁ። «ጎበዝ! አንተ ነህ የሣልከው?» ሲሉኝ «አዎ» እላለሁ። ሳንቲሙም በእኔ ኪስ ይገባል።

የ1969ኙ እንቁጣጣሽ ላይ ልምጣ።

እኔ አሥር ዓመት ሊሞላኝ ነው። ታላቅ ወንድማችን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ብዙ አያወራም፣ ማታ ያመሻል። በዚያ ክረምት ወረቀት ጠፋ፤ ማለቴ እኛ ቤት ጠፋ። በዋዜማው ከአልጋ ሥር ኳስ ስፈልግ ከጆንያ ሥር አንድ ጥቅል ወረቀት አገኘሁ። በአንድ ወገኑ በስቴንስል የተባዛ ጽሑፍ አለበት፣ ቀለሙ ይሸታል። ሌላው ወገኑ ጥርት ያለ ነጭ ነው። ከመካከሉ አሥራ አምስት ቅጠል ቆጥሬ ለእህቴ ወሰድኩላት። እርሷም ከየት አመጣህ አላለችኝም። እስከ እኩለ ሌሊት በኩራዝ ሣለች። አሥራ አራት መልአክ፣ ለሐጂ አንድ አበባ። ከሥራቸው «እንኳን ከዘመነ ዮሐንስ ወደ ዘመነ ማቴዎስ በሰላም አሸጋገራችሁ» የሚለውን እኔ ጻፍኩ። ጠዋት አሥራ አምስቱንም ቤት አዳረስኩ። አምስት ቤት ስሙኒ ሰጡኝ፤ ያኔ ስሙኒ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ያለው ቀይ ሳንቲም ነው። ንጉሡ ከወረዱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ መልካቸው ግን ገና ኪሳችን ውስጥ ነበር። ብሩ የተለወጠው በወሩ፣ በጥቅምት ነው። አምስት ቤት አሥር አሥር ሳንቲም፣ የቀሩት ዳቦ። ለእህቴ ስሙኒ ሰጠኋት።

ወንድማችን ለምሳ ሲመጣ ከአልጋው ሥር ገባ። ሲወጣ ፊቱ ላይ ደም አልነበረም።

ስለዚያ ወቅት ለማያውቅ ወጣት ትንሽ ልበል። ቀበሌዎች ከተቋቋሙ ገና አንድ ዓመት አልፏቸዋል። ሥዕሉን ካዞርኩ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ፣ መስከረም 13፣ በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ። በመጋቢት ቤት ለቤት አሰሳ ተካሄደ፤ ያን ጊዜ አዲስ አበባ በየምድጃው ወረቀት ይነድ ነበር፤ መጽሐፍ፣ ደብተር፣ ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍ። አንድ የተባዛ ወረቀት ቤቱ የተገኘበት ሰው የሚመለስበትም የማይመለስበትም ጊዜ ነበር። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለውን ወረቀት መልአክ አስይዤ በአሥራ አምስት ቤት አድዬዋለሁ።

እናታችን አልጮኸችም። ድፎውን ቆርሳ በሰፌድ አደረገች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ወጣች። በየቤቱ ዳቦ እየሰጠች «ልጆቹ ጥፋት ሠርተዋል፤ የመልአኩን ክንፍ ሳይጨርሱ ነው ያደሉት። ስጡኝና አስጨርሼ ልመልስላችሁ» ትላለች። ለሐጂ ምን ብላ እንደ ነገረቻቸው እንጃ፤ አበባ ክንፍ የለውም። ብቻ ሁሉም ሰጧት። ያነበበ ነበር? ነበር ብዬ አምናለሁ። አንድም ሰው ግን «ከጀርባው ያለው ምንድነው?» አላላትም። አሥራ አራት ይዛ ተመለሰች።

አሥራ አምስተኛው ከቀበሌው ተመራጮች የአንዱ ቤት ነበር። ስማቸውን ልተወው። እናታችን ወደ ቤታቸው የሄደችው መጨረሻ ነው። ገብታ ስታይ መልአኩ ግድግዳው ላይ ነው። የእንቁጣጣሽ ሥዕል ደግሞ በሙጫ አይለጠፍም፤ በእሾህ ይሰካል ወይ መስታወት ጥግ ይሸጎጣል። እርሳቸው ግን በዱቄት ሙጫ፣ አራቱም ጥግ እስኪርስ፣ ከጋዜጣው ጋር አጣብቀውታል። ገና አልደረቀም።

«እትዬ፣ ይሄማ ተለጥፏል» አሏት። «ላንሳው ቢሉ ይቀደዳል እንጂ አይላቀቅም። እዚሁ ይኑር።» ከዚያ ዳቦውን ተቀብለው በር ድረስ ሲሸኟት «ለልጆቹ ግን ከዛሬ ጀምሮ ንጹሕ ወረቀት ይግዙላቸው» አሉ።

ያን ማታ ጥቅሉ በሙሉ ከምጣድ ሥር ገባ፤ አሥራ አራቱም ሥዕሎች አብረው። እህቴ ያለቀሰችው ለመላእክቱ ነው። ወንድማችን በዓመቱ ተይዞ ሁለት ዓመት ታስሮ ወጣ፤ የተያዘው ግን በዚያ ወረቀት አይደለም።

ሰውዬው ደግ ሰው ነበሩ ብዬ ለመጻፍ ብዕሬ እሺ አይለኝም። በዚያው መንደር ልጃቸውን ያጡ እናቶች ስማቸው ሲነሳ ፊታቸውን ያዞሩ እንደነበር አይቻለሁ፤ እነርሱም ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ታሰሩ። እናታችን በየሳምንቱ ምግብ ትወስድላቸው ነበር። ጎረቤት «ምን ነካት?» አለ። እርሷ ለማንም አላስረዳችም፤ እኛም አልተናገርንም። በአንድ ሰው ውስጥ ሁለቱም ሲኖሩ ምን እንደሚደረግ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ ብዙ አውርቻለሁ፤ እናታችን ግን ሰሐን ነበር የምታመላልሰው።

ሰፈራችን ከብዙ ዓመት በኋላ በመልሶ ማልማት ፈረሰ። እህቴ ማፍረሻው ሲመጣ ሄዳ ቆማ አየች። የሰውዬው ቤት ግድግዳ ሲወድቅ ጋዜጣው እንደ ሥጋጃ ውፍረት ነበረው አለችኝ፤ የስንት ዓመት በዓል ተደራርቦ። መልአኩን ለማየት ቀረብ ስትል አቧራው ተነሳና ሠራተኞቹ «እናት፣ ዞር በይ» አሏት።

ወደ ዘንድሮው ልመለስ። ምሳ በልተን ቡና ላይ ሳለን ያቺ ልጅ እንደገና አንኳኳች። ወረቀቷ አላለቀም፣ አምስተኛ ፎቅ ደርሳ ተመልሳለች። «አብዛኛው ሰው በር አይከፍትም» አለች። እህቴ ቁጭ አደረገቻትና የፎቶ ኮፒውን መልአክ ገለበጠችው። ጀርባው ነጭ ነው። እስኪርቢቶ አመጣች። መጀመሪያ ፊት፣ ቀጥሎ ክንፍ፣ ዓይን መጨረሻ ላይ ነው፤ ሁለቱም እኩል፣ ሁለቱም የተከፈቱ። ልጅቷ ሦስት ጊዜ ሞከረች። በአራተኛው ግራው ዓይን ትንሽ ከፍ ብሎ ወጣ፤ እህቴ «ይሄ ነቅቷል» አለቻት።

«ለማን ልስጠው?» አለች ልጅቷ።

እህቴ በዚያ ሕንፃ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ኖራለች። ፊት ለፊቷ ያለውን በር እያየች ትንሽ አሰበችና «ለነርሱ» አለች፤ ስማቸውን አታውቅም። ልጅቷ ሄዳ አንኳኳች። እኛ በራችንን ገርበብ አድርገን አየን። ከረጅም ጊዜ በኋላ አንድ ወጣት ሸሚዙን እየቆለፈ ወጣ፣ ወረቀቱን ተቀበለ፣ ወደ ብርሃኑ አዞረና «አንቺ ነሽ የሣልሽው?» አላት።

«አዎ» አለች።

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። «አንድ ብር ከሰባ አምስት ነበር» አለችኝ። «ሃያ አምስት ነው የሰጠኸኝ።»

እስካሁን አልከፈልኳትም።